አውድማው ላይ የተለካችው መኪና

ባለቤቴ ካረፈ አራተኛ ወሩ ነው። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ሐዘኑን ለማቅለል ብለው ስለ እሱ የሚያስቅ ነገር ያነሣሉ፤ ከሁሉ የሚደጋገመው የቀይዋ መኪና ነገር ነው። የሰውን መኪና ሁሉ ሲያቃና ኖሮ የራሱን ልክ አሳስቶ ውድድር ያመለጠው መካኒክ፣ ይሉታል። በፍቅር እንደሚሉት አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ሹፌር ሲያወሩት ግን መስማት አቃተኝ። ነገሩ እንደሚባለው አልነበረም። እንዴት እንደነበረ የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ ቀስ እያልኩም ቢሆን እጽፈዋለሁ።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ለረጅም ጊዜ ሠርቶ፣ ጋራዡ ሲዘጋ አሠሪው ጥግ ላይ አቧራ ለብሳ የቆመች የውድድር መኪና ሰጠው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይርቅ። በጭነት መኪና ጀርባ አሳስሮ ወደ ትውልድ ከተማው መሐል ሜዳ አመጣት። እኔ ያኔ እዚያው ከተማ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ከአባቱ ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነው።

አባቱን እኔም አባባ ነው የምላቸው። መኪናዋ ስትወርድ ዘንጋቸውን ተደግፈው ሁለት ጊዜ ዞሯት።

"ምን ያህል ትጭናለች?"

"ሁለት ሰው።"

"እህልስ?"

"እህል አትጭንም አባባ።"

"በቅሎዬም ሁለት ሰው ትጭናለች፤ ለዚያውም ሣር ግጣ። ይህችን ለምን ብለህ ነው ከዚያ ድረስ የተሸከምካት?"

"ለሩጫ ናት።"

"ማን አባረራት?" አሉ አባባ፤ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም አብሮ ሳቀ።

ሁለት ዓመት ያህል ሠራት። ቀን ቀን ከገበያው አጠገብ በቆርቆሮ ከለላ ሥር የሰው መኪና ይጠግናል፤ ወደ ማታ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሥሯ ይገባል። ከተጋጨ መኪና የተፈታ ንዝረት የሚያበርድ ደኅና አሞርዛተር አገኘላት። በብረቶቿ መገጣጠሚያ ያሉት ጎሚኒዎች አርጅተው ነበርና ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ በቢላ እየቀረጸ አዲስ ሠራላት። በኩርባ ላይ አካሏ እንዳይጣመም ብሎ ኮፈኑ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የውኃ ቧንቧ ብረት አስበየደ። አራት አንድ ዓይነት ጎማ በአውቶቡስ ሹፌር አስመጣ። አንድ ነገር በሠራ ቁጥር ሜዳው ላይ ነድቶ ይመለስና ልዩነቱን እንደ ልጅ ይነግረኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን የጋራዥ ጓደኛው ወረቀት ላከለት። በደብረ ብርሃን በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ አንድ እሑድ የመኪና ውድድር አለ፤ መኪና ያለው ሁሉ መግባት ይችላል። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ለሌሎች የውድድር መኪና ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። ራሱ መሪ ይዞ ተሰልፎ አያውቅም።

"አንድ ጊዜ ብቻ" አለኝ። "ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ዶሮ አሳድሪባት።"

የቤታችን ጣሪያ ያፈሳል፣ ገንዘቡ ለእሱ ይዋል አልኩት። ሰው ይስቅብናል አልኩት። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ምን ይለኛል አልኩት። ለሁሉም መልስ ነበረው። ያላልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መፍራቴን አልነገርኩትም።

እኔ የግሼ ልጅ ነኝ፣ ራቤል ነው ያደግሁት። ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ ገደል ገብቶ ሞቷል። ባለቤቴ በመኪና መሞቱን ያውቃል። ያላወቀው ሬሳውን ያወጡት ሰዎች ማንነቱን ለመለየት ጫማውን አምጥተው ለእኔ ማሳየታቸውን ነው። እናቴ እንዳታይ ብዬ ለብቻዬ ከደጅ ወጥቼ ነው ያየሁት። ያንን ጫማ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ባል ቢያገቡም የማይነገር ነገር ይኖራል ብዬ ትቼው ነበር።

ክርክሩ ሲረዝም ባለቤቴ ቃል ገባልኝ። "መሪዋ ቀጥ ካላለልኝ አልሄድም። መሪውን ስለቀው ወደ ጎን የምትስብ ከሆነ እዚያው ቤት ትቀመጣለች። ቃሌ ነው።"

መኪናዋ ያን ጊዜ ወደ ቀኝ ትስብ ነበር። ጎማዎቹን የሚያስተካክል መሣሪያ አዲስ አበባ እንጂ እኛ ዘንድ የለም። እሱ ግን በሲባጎ መለካት ያውቅበታል፤ የቸገረው ደልዳላ መሬት ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ የአባባ አውድማ በእበት ተለቅልቆ ደርቆ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ለስልሷል። በዚያ አካባቢ ከእሱ የተሻለ ስፍራ አልነበረም።

አባባ መጀመሪያ እሺ አላሉም ነበር። ባለቤቴ በሚገባቸው ነገር ነው የያዛቸው።

"ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው ሲሄዱ አንዱ አፍንጫውን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ቢያዞር ትልሙ ምን ይሆናል?"

"የሰካራም መንገድ ይሆናላ።"

"የፊት ጎማም እንደዚያው ነው። አፍንጫቸው በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ መቀራረብ አለበት። ወደ ውጭ ከከፈቱ አትታዘዝም።"

አባባ አሰቡ፤ ከዚያ ነዶው ከመግባቱ በፊት ለአንድ ቀን ፈቀዱ። "ጫማ አውልቁ። ችካል እንዳትተክሉበት። ፉጨት የለም። ቁጥርም እንዳትጠሩበት።"

"ቁጥር ሳንጠራ እንዴት እንለካለን አባባ?" አልኩ እኔ።

"እኛስ እህሉን እንዴት እንሰፍራለን? ስንተኛው ነው ብሎ የሚጮህ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በረከት ቁጥር ሲሰማ ይሸሻል።"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ጻፊልኝ። የተጻፈ አልተጠራም።"

"መጻፉን እኔ አላየሁም" አሉ አባባ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ክምሩ አዞሩ።

አርብ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ በባዶ እግራችን ገባን። ጎረቤቶች ገፍተው መኪናዋን መሐል ላይ አቆሙልን። በግራና በቀኟ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ አልፎ ሲባጎ ወጠርን፤ ጫፎቹን የተደራረበ ድንጋይ ላይ አሰርናቸው። የእኔ ሥራ በብረት ማስመሪያ ከሲባጎው እስከ ፊት ጎማው የብረት ቸርኬ መለካት ነው፤ አንዴ በቸርኬው የፊት ጫፍ፣ አንዴ በኋላ ጫፉ። የፊቱ ከኋላው በሁለት ሚሊሜትር ከበለጠ ጎማው ወደ ውስጥ ተቀራርቧል፣ ማለት የሚፈለገው ደርሷል። ካነሰ ወደ ውጭ ከፍቷል። ደብተሩ ላይ "ፊት" እና "ኋላ" ብዬ አስምሬ እጽፋለሁ፤ ከመኪናዋ ሥር ለተኛው ባለቤቴ ደብተሩን እሰጠዋለሁ፤ እሱ አይቶ የመሪውን ዘንግ በመፍቻ ያዞራል።

በመጀመሪያው ልክ ጎማዎቹ ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር። አዞረ። ቀነሰ። እንደገና አዞረ። በአራተኛው ላይ ስለካ አልፎታል፤ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሚሊ ወደ ውጭ ከፍተዋል። ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ቢመልሰው ያበቃ ነበር።

እርሳሱን ያዝኩ። ከሥር "እህ?" አለኝ።

ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ቃሉ ነው። መሪዋ ካልቀናች አልሄድም ብሏል። የፊቱን በኋላው ቦታ፣ የኋላውን በፊቱ ቦታ ጻፍኩት። አራት ቁጥር ነው ያዛወርኩት። በአፌ ቢሆን ኖሮ አልችልም ነበር፤ ድምፄን ያውቀዋል፣ እኔም ድምፄን አውቀዋለሁ። በእርሳስ ግን ቀላል ሆነ። ደብተሩን አቀበልኩት፣ እጄን ከመኪናዋ ሥር ቶሎ ሳብኩ።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ!" አለ ከሥር። "ልክ የፈለግነው!" ብሎኑን ሲያጠብቅ መፍቻው ሲንጫጫ ይሰማኛል። አባባ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው "አለቀ?" አሉ። አለቀ አልናቸው።

እኔ የመሰለኝ ሜዳው ላይ ሲነዳት ወዲያው ያውቀዋል፣ ተናዶ ይመለሳል፣ ውድድሩም ያልፋል የሚል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብሬው ወጣሁ። ፊቱን ነበር የማየው። ከከተማው ወጣ ብለን ኩርባው ላይ መሪውን ሲያዞር መኪናዋ ከእጁ ቀድማ ዞረች።

"አየሽ?" አለኝ። "አየሽ እንዴት እንደምትሰማ! ገና ሳስበው ነው የምትዞረው!"

ሌላ ኩርባ፣ ከዚያ ሌላ። ሳቁ አላቋርጥ አለው። በዝግታ ስትሄድ ወደ ውጭ የተከፈተ ጎማ መኪናን ለመዞር ፈጣን እንደሚያደርጋት፣ ጉዱ የሚወጣው በቁልቁለትና በፍጥነት ላይ እንደሆነ ያን ቀን አላውቅም ነበር። ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ያበላሸሁት ነገር አስደስቶታል።

ቤት ስንደርስ ልነግረው ነበር። ሁለት ሹፌሮች ሊያዩዋት መጥተው አገኘናቸው። "እንግዲህ ነገ ዋንጫውን የት ልታስቀምጠው ነው?" ይላል አንዱ። "በቅሎዋ ጋጣ ውስጥ!" ይላል ሌላው። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ያሳያቸዋል። እነሱ እስኪሄዱ ብዬ ቆየሁ፤ እነሱ ሲሄዱ አባባ መጡ፤ አባባ ሲሄዱ ደግሞ እሱ ተኝቷል። ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። ሁለት ቃል የሚናገር ሰው ጊዜ አያጣም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ቁልፉን ሲያነሣ ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

"የት ነው?"

"አብሬህ ልሄድ።"

"ሰው ይስቅብናል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ይሳቁ።"

ደስ አለው፤ ስለ ደገፍኩት መስሎታል። እኔ ግን ከሄደ ብቻውን አይሂድ ብዬ ነው። መንገድ ላይ ሳልነግረው አልቀርም፣ ከቁልቁለቱ በፊት እነግረዋለሁ እያልኩ ለራሴ እምላለሁ። የመጀመሪያው ቁልቁለት ገና አፌን ሳልከፍት ደረሰ። በቀኝ ተራራ፣ በግራ ምንም። መኪናዋ ፍጥነት ስትይዝ አፍንጫዋ መዋለል ጀመረ፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። እጁ መሪው ላይ ሲጠብቅ አየሁ። ከታች ሚኒባስ ብቅ አለ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ።

ወደ ግራ ዘለለች። መለሳት፤ ወደ ቀኝ ዘለለች። ጠጠሩ ከሥራችን ይጮሃል፤ የሚኒባሱ ጥሩምባ ጆሮዬ አጠገብ አልፎ ሄደ። ከተራራው ጥግ ላይ ተጣብቀን ቆምን። ሞተሩ ጠፍቷል። "በስመ አብ" ያለው እሱ ይሁን እኔ አላስታውስም።

ወርዶ ጎማዎቹን በእጁ ገፋ፣ ጎተተ፣ ተንበርክኮ ሥሯን አየ። "ጎሚኒው ይሆናል" አለ። ነካካው፤ ደኅና ነው። "አሞርዛተሩ ነው እንዴ?" እሱም ደኅና ነው። ከዚያ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ተመለከታቸው።

"እጄ ነው" አለ። "ሥራውን ረስቷል። መርሳቱን ግን አላወቅሁም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሰው ልጁን፣ እናቱን ጭኖ በሚሄድበት መኪና ሥር የምገባው በዚህ እጅ ነው። ከትናንት ወዲያ ልክ ነው ብዬ ያጠበቅሁት በዚህ እጅ ነው። እንመለስ። ከነገ ጀምሮ መሪና ፍሬን አልነካም። ዘይት ልቀይር፣ ጎማ ልለጥፍ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ደብረ ብርሃን ይሂድ።"

የፈለግሁት ነገር ይኸው ሆነ። ውድድሩ ቀረ፤ ሰውዬው በሕይወት አለ። ዝም ብል ተመልሰን ቁርስ እንበላለን። ግን ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አላውቀውም ነበር። ትከሻው ወርዷል።

"እጅህ አይደለም" አልኩት።

ቀና አለ።

"ልኩ ነው። አራተኛው ላይ ፊትና ኋላውን አዛውሬ ነው የጻፍኩት።"

"ተሳስተሽ ነው?" አለ። በሩን ከፍቶልኛል፤ አዎ ብል ይበቃ ነበር።

"አይደለም። አውቄ ነው።"

አንድ ሌላ ሚኒባስ ሽቅብ እየተነፈሰ መጣና አጠገባችን ዘገም አለ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ "ምነው፣ በቅሎ እንላክላችሁ?" ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አቧራው ሲበርድ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ትክክለኛው ስንት ነበር?"

"በቀኝ ፊቱ አርባ አንድ፣ ኋላው አርባ ሦስት። በግራ አርባ ሁለትና አርባ አራት።"

ተነሣ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደልደል ያለ ቦታ እስክንደርስ በእርምጃ ነዳት። ሲባጎውን አወጣ። አንዱን ጫፍ ልይዝለት እጄን ስዘረጋ "ተይው" አለኝ። ድንጋይ ላይ አሰረው። ራሱ ለካ፣ ራሱ ሥሯ ገባ፣ ወጥቶ ራሱ እንደገና ለካ፣ በቀኝ ለክቶ ወደ ግራ ሮጠ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የረዘመብኝ ጊዜ የለም፤ ገደሉ አጠገብ ከቆየንበት ይልቅ ይህ ይከብድ ነበር።

ሲጨርስ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተልኝ። "ትሄጃለሽ ወይስ የሚመለስ መኪና ላስቁምልሽ?"

ገባሁ።

ቀጣዩ ቁልቁለት ከመጀመሪያው ይረዝማል። ፍጥነት ጨመረ፣ ጨመረ። ከዚያ ጣቶቹን ከመሪው ላይ ለአፍታ አነሣ። መኪናዋ በክር ላይ እንደምትሄድ ቀጥ ብላ ወረደች። ፈጠነ፣ ፍሬን ያዘ፣ ቀጥ ብላ ዘገየች። "ይኸው" አለ።

ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ "ለምን?" ብሎ ጠየቀኝ። የዚያን ጊዜ ስለ ጫማው ነገርኩት። ማሰሪያው አለመፈታቱን ሁሉ ነገርኩት። ሲሰማ ፍጥነቱን ቀነሰ።

"ይህንን በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ አልሄድም ነበር" አለኝ።

እውነት ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። እሱ ግን ያመነበት ይመስለኛል።

ስንደርስ ባንዲራ የያዘ ሰው መንገዱን ዘግቶ ነበር። ምዝገባው አልቋል፤ መኪኖቹ ተነሥተዋል። ባለቤቴ አልተከራከረም። ቀይዋን ዳር አስጠግቶ እጁን አጣምሮ ከተመልካቹ መሐል ቆመ። የሚያልፈውን እያንዳንዱን መኪና በድምፁ ብቻ ምን እንደጎደለው ለማያውቃቸው ሰዎች ይነግራቸው ነበር። አንድ ሰውዬ "አንተ ራስህ ለምን አልገባህም?" አለው። "አረፈድኩ" አለ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስንገባ አባባና ሁለቱ ሹፌሮች ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁናል።

"እህ፣ ማን ቀደመ?" አሉ አባባ።

"አልተሰለፍንም አባባ።"

"ምነው?"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ቀደመኝ። "ልኩን አሳስቼ ነበር። መንገድ ላይ ሳስተካክል አረፈድኩ።"

ሹፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። "የሒሳብ አስተማሪ እቤትህ አስቀምጠህ!" አለ አንዱ። "ያለ ቁጥር ስለካችሁ ነው!" አለ ሌላው። አባባ ብቻ አልሳቁም፤ በአውድማቸው ሰበብ የሆነ መስሏቸው ተከዙ። እሱ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቀለና እጁን ለመታጠብ ገባ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። "እባክህ የእኔን ሌላ ሰው ይለካልኝ" እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልድ ብቻም አልነበረም፤ መሪ ሊያሠራ የመጣ አንድ ባለ ጭነት መኪና ሐሳቡን ለውጦ ወደ ደብረ ብርሃን ሲነዳ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ሲባጎ እንድይዝለት ጠይቆኝ አያውቅም። የመጋረጃ ጨርቅ እንኳ እኔ ከለካሁ በኋላ ደግሞ ይለካ ነበር፤ ሊጎዳኝ ብሎ አይመስለኝም፣ ሳያውቀው ነው። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ከሥራ ተመልሶ እጁን በነጭ ጋዝ ሲያጸዳ አጠገቡ ቆሜ "ነገ ገበያ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩት።

"ምን ብለሽ?"

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ።"

"ሚስቱ ገደል ልትከተው ነበር እንዲሉሽ?" አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል። "ለእኔ ነግረሽኛል። እነሱ ይሳቁ፣ ሲደክማቸው ይተዉታል።"

አልተዉትም። እኔም እሺ ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታው ስለሚመቸኝ ነው እሺ ያልኩት። አሁን የሚከለክለኝ ሰው የለም። አራተኛው ልክ ላይ ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሚሊ ወደ ውጭ ከፍተው ነበር፤ እኔ ወደ ውስጥ ተቀራርበዋል ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ የተጻፈለትን አምኖ አጠበቀ። ሌላ ጊዜ ተሳስቶ ያውቅ ይሆናል፤ ያን ቀን ግን አልተሳሳተም።